“የምስራች!” ስትባል ዝም አትበል

  

ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ቅዳሜና እሁድን እቤቱ ስለሚያሳልፍ ሰው ነው። ኪሱ ሞልቶ ሐይቅ ዳር ዓሣ ሊበላ የሚሄደውን ለጊዜው እንተወው፤ እሱስ አምሮበታል። እኔ የማወራው ቅዳሜ ከሰዓት ልብሱን አጥቦ፣ እሁድ ጠዋት ወይ ቤተ ክርስቲያን ስሞ ወይ አርፍዶ ተኝቶ፣ ማታ ደግሞ የሰኞን ትራንስፖርት ስለሚያሰላው ሰው ነው። ማለትም ስለ አብዛኞቻችን።

በዚህ ሰው ቤት ውስጥ ታዲያ ድል አለ! አትሳቁ፣ የምሬን ነው። ሲያፈስ የከረመ ጣራ ተደፍኖ ዝናብ ሳይገባ ይታደራል። ልጅ የጫማውን ክር ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱ ያስራል። ባለ ሱቁ የዱቤ ደብተሩን ገልጦ ስማችን ላይ መስመር ይጎትታል። ይህን ሁሉ ሬዲዮ አይናገርልንም፤ ጋዜጣም አይጽፈውም። ቤታችን ካላከበረው ሳይከበር ያልፋል። እሱ ብቻ ቢያልፍ ደግ ነበር፤ አንዳንዴ ግን ትዳርንም ጎትቶ ይዞ ይሄዳል።

“እንዴት ሆኖ?” ካላችሁ ከኮምቦልቻ የደረሰኝን ደብዳቤ ስሙ። ጸሐፊዋ “ስሜ ይቅር” ስላለች ስሟ ይቅር። እጅግ ረጅም ስለሆነ አሳጥሬዋለሁ።

“የ29 ዓመት ሴት ነኝ። ባለቤቴ ፋብሪካ ይሠራል። አንድ ክፍል ቤት ተከራይተን ነው የምንኖረው። አንዲት ሴት ልጅ አለችን። እኔ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲመጣ ጡት ያልጣለች ልጄን አዝዬ ወጣሁ። ስመለስ ቤቱ ነበር፤ የስፌት መኪናዬ ግን አልነበረችም። ከዚያ በኋላ ሰው ቤት ልብስ እያጠብኩ፣ እንጀራ እየጋገርኩ እቁብ ገባሁ። ዘንድሮ ዕጣው ሲወጣልኝ ያገለገለች መኪና ገዛሁ። ባለፈው ቅዳሜ የመጀመሪያዋ ደንበኛ መጣችልኝ። የሁለት ልጆቿን ዩኒፎርም አሰፋች። ብሩን ስቀበል እጄ ተንቀጠቀጠ።

“ማታ ባለቤቴ ከሥራ ሲገባ በር ላይ ጠብቄ ‘የምስራች!’ አልኩት። ጫማውን እያወለቀ ‘ምን ተገኘ?’ አለኝ። ነገርኩት። ‘ስንት ከፈለችሽ?’ አለኝ። ነገርኩት። ‘በዚህማ ግማሽ ኪሎ ሥጋም አይገዛም’ አለና እግሩን ሊታጠብ ወጣ። በቃ። አልሰደበኝም፣ አልመታኝም። ለሰው ባወራው ‘ይኼ ምን ያስኮርፋል?’ ነው የሚለኝ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ምንም ነገር ልነግረው አልፈልግም። በቀደም ልጃችን ለመጀመሪያ ጊዜ ስሟን ጻፈች። አላሳየሁትም። ወረቀቱን ፍራሽ ሥር ደብቄዋለሁ። እኅቴ ዐረብ አገር ነች፤ ‘ነይ’ እያለችኝ ነው። ፓስፖርት ላወጣ አስቤያለሁ። ምን ትመክረኛለህ?”

ወገኖቼ፣ ይህን ደብዳቤ ሁለቴ ሦስቴ አነበብኩት። ስለ ፓስፖርቱ የሚለውን ስደርስ አላስደነገጠኝም፤ በወሎ ስንቱ ቤት ያለ ወሬ ነው። ያስደነገጠኝ ፍራሹ ሥር ያለችው ወረቀት ነች። አንዲት እናት የልጇን የመጀመሪያ ጽሑፍ ከልጇ አባት ደበቀች! ለምን? “ስሟን ብትጽፍ ምን ይጠበስ?” እንዳይላት ፈርታ።

አሁን አንዳንዶቻችሁ ባልየውን ለመስደብ አፋችሁን ከፍታችኋል። ቆዩ! መጀመሪያ የራሴን ጉድ ላውጣ። ከዓመታት በፊት ባለቤቴ የማታ ትምህርት ተከታትላ ሰርተፍኬት ይዛ ገባች። እኔ ጋዜጣ እያነበብኩ ነበር። ቀና ሳልል “ጥሩ ነው” አልኳት። ትንሽ ቆማ አየችኝና “ምናለ እኔም ጋዜጣ በሆንኩ!” ብላኝ ወደ ጓዳ ገባች። የሰው ትዳር እንደዚህ ይሁን፣ እንደዚያ ይሁን እያልኩ የምጽፈው ሰውዬ ይኼው ነኝ እንግዲህ። ስለዚህ ባልየውን የምወቅስበት አንደበት የለኝም።

ደግሞ የእሱንም ነገር እንይለት። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ነች። ጨርቃ ጨርቁ አለ፣ ቆዳው አለ፣ ብረታ ብረቱ አለ፣ ቢራው አለ፣ ሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። በዚያ ላይ ሙቀቱ! ደሴ ጋቢ ሲደረብ ኮምቦልቻ ሸሚዝ ይፈታል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ጊዜ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። በሳምንት ደግሞ ለሠራተኛው ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት ይሰጠዋል። እስቲ ይህን 24 ሰዓት ቁጠሩት። እንቅልፍ ሲወጣለት፣ ልብስ ማጠብ ሲወጣለት፣ እድርና ለቅሶ ሲወጣለት፣ ባልና ሚስት ፊት ለፊት የሚተያዩበት የሚተርፈው ሁለት ወይ ሦስት ሰዓት ነው። ቅዳሜ ማታ በር ላይ የቆመው ሰው ስለ ኪራይ፣ ስለ ጤፍ፣ ስለ ዘይት እያሰላ ነው የመጣው። ሚስቱ ደስታ ነገረችው፤ እሱ በዚያው የሒሳብ ጭንቅላቱ መለሰላት። ክፋት አልነበረበትም። ጉዳቱ ግን ከክፋት አላነሰም።

አባቶቻችንና እናቶቻችን ለዚህ በሽታ መድኃኒቱን ያውቁት ነበር። “የምስራች!” ያለ ሰው መልሱ አንድ ነው፤ “ምስር ብላ!” ሴት ከሆነች “ምስር ብዪ!” ከዚያ በኋላ ነው ወሬው የሚነገረው። ልብ በሉልኝ! ምን እንደተገኘ ገና አልተሰማም። ትልቅ ይሁን ትንሽ፣ ስንት ብር ያወጣ አልታወቀም። መልሱ ግን አስቀድሞ ተሰጥቷል። ቃሉ ቤት ስለሚመታ ብቻ አይመስለኝም ደስ የሚለው። “ክትፎ ብላ” አላሉም፣ “ሙክት ይታረድልህ” አላሉም። ምስር! የጾም ቀን የሚበላ፣ የድሃም የሀብታምም ቤት የሚገኝ ነገር ነው። (ዘንድሮ ምስርም ተወዷል የምትሉ ቀልደኞች፣ ሰምቻችኋለሁ።)

ደሴ ልጅ ሳለሁ በአንድ ግቢ አብረውን የሚኖሩ፣ “እማማ” የምንላቸው ሙስሊም እናት ነበሩ። ከግቢው ሰው አንዱ “የምስራች!” ካለ፣ ነገሩን ሳይሰሙ ከማድቤታቸው ሆነው እልልታውን ያቀልጡታል። ካቀለጡት በኋላ ነው “ለመሆኑ ምንድነው?” የሚሉት። አንድ ዓርብ ታላቅ ወንድሜ የሒሳብ ፈተና 52 አምጥቶ እየሮጠ ገባ። እናቴ “በ52 ደግሞ!” ልትል አፏን ስትከፍት እማማ እልል ብለው ጨርሰዋል፤ ቆሎም በሰፌድ ይዘው መጥተዋል።

“ባለፈው ስንት ነበር ያገኘኸው?” አሉት።

“41።”

“አላህ ይጨምርልህ! ልጁ እኮ 11 ጨመረ!” ብለው እናቴን ዘወር ብለው አዩዋት። እናቴም ዝም አለች።

ወንድሜ ከዚያ ወዲህ የሒሳብ አስተማሪ ሆነ ብላችሁ ደስ ባለኝ። አልሆነም፤ ሹፌር ነው። ነገር ግን እስከዛሬ ድረስ ስለዚያች ቆሎ ያወራል። ስለ 100 ያመጣባቸው ፈተናዎች ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። (ስላልነበሩ ይሆናል!)

እማማ ሒሳብ ባይማሩም ሒሳቡን ያወቁት እሳቸው ነበሩ። እናቴ ከ100 ወደታች ቆጠረች፤ እሳቸው ከ41 ወደላይ ቆጠሩ። የኮምቦልቻውም ባል የቆጠረው እንደ እናቴ ነው። ከግማሽ ኪሎ ሥጋ ወደታች። ሚስቱ ግን የምትቆጥረው መኪናዋ ከጠፋችበት ከ2014 ወደላይ ነው። በእሷ ሒሳብ ያ ዩኒፎርም ልብስ ብቻ አልነበረም፤ “ተመልሼ ሰው ሆንኩ” ማለት ነበር።

“ይኼ የአሮጊት ተረት ነው” ለሚል ደግሞ የፈረንጅ ጥናትም አለ። ሼሊ ጌብል የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ሆና እ.ኤ.አ. በ2004 አንድ ጥናት አውጥታለች። ጥያቄዋ ቀላል ነው። ሰው ደስታውን ለሚወደው ሰው ሲነግር ምን ዓይነት መልስ ያገኛል? መልሶቹን በአራት ከፈለቻቸው። እኔ በኮምቦልቻው ቤት ልተርጉምላችሁ።

አንደኛው አብሮ የሚደሰትና የሚጠይቅ ነው፤ “ኧረ እሰይ! ማነች ደንበኛዋ? በስንት ቀን ጨረስሽላት?” ሁለተኛው ለብ ያለ ነው፤ “ጥሩ ነው” ብሎ ወደ ስልኩ። (ይኼ እኔ ነኝ።) ሦስተኛው እንከን ፈላጊ ነው፤ “በዚህማ ግማሽ ኪሎ ሥጋም አይገዛም።” አራተኛው ጭራሽ ያልሰማ ነው፤ “እራት ደርሷል?”

ከአራቱ መካከል ከደህና ፍቅርና ከደህና ትዳር ጋር አብሮ የተገኘው የመጀመሪያው ብቻ ነው። “ጥሩ ነው” ማለት እንኳ አልበቃም! ጌብል ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣችው ሌላ ጥናት ደግሞ የባሰ ነገር አገኘች። ፍቅረኞች ክፉ ሲነገራቸው ከሰጡት መልስ ይልቅ ደግ ሲነገራቸው የሰጡት መልስ ከፍቅራቸው ጤንነት ጋር ይበልጥ የተያያዘ ሆኖ ተገኘ። እኛ አገር ሰው በክፉ ቀን አይታማም። ለቅሶ ላይ ድንኳን ሙሉ ነን፣ የታመመ ለመጠየቅ ብርቱካን ይዘን እንሰለፋለን። የደስታ ጊዜስ? ሠርግ ካልሆነ፣ ምረቃ ካልሆነ፣ የምንጠራራበት የለንም። ትንሿ ደስታ ዘመድ የሌላት ሆና ቀረች።

ቴሬዛ አማቢሌና ስቲቨን ክሬመር የተባሉ ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ በ7 ድርጅቶች ያሉ 238 ሠራተኞች የጻፉትን ወደ 12,000 የሚጠጋ የዕለት ማስታወሻ አገላብጠው እ.ኤ.አ. በ2011 በመጽሐፍ አውጥተዋል። ሰው የሥራ ቀኑን “ዛሬ ደህና ዋልኩ” እንዲል ከሚያደርጉት ነገሮች ሁሉ አንደኛ ሆኖ የተገኘው ትርጉም በሚሰጠው ሥራው ላይ አንድ እርምጃ መራመዱ ነው፤ ትንሽም ብትሆን። “ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል” የሚለው ተረታችን በ12,000 ማስታወሻ ተረጋገጠ በሉት።

እንግዲህ ወደ ምክሩ ልግባ። ብር አያስወጣም፤ አንድ እሁድ ብቻ ነው የምፈልገው።

አንደኛ፣ ቦታው ተዘጋጅቶላችኋል። ቡና! ወሎ ውስጥ ስለ ቡና ላስተምር አልደፍርም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለ ሦስቴ የሚያስቀምጣችሁ ነገር እያለ ሌላ ፕሮግራም ምን ያደርጋል? እሁድ ከሰዓት ቡናው ሲፈላ፣ ሁሉም ሰው ከሳምንቱ ውስጥ አንድ “የምስራች” ይናገር። አንድ ብቻ! አባትም ይናገር፣ ልጅም ይናገር፣ እንግዳ ካለ እንግዳውም ይናገር። በረካ ላይ እንደ ደንቡ ይመረቅ። “አሚን” ማለት ነፃ ነው።

ሁለተኛ፣ መልሱ ከወሬው ይቅደም። “ምስር ብዪ!” በሏት፤ ከዚያ ጠይቁ። “ስንት ከፈለችሽ?” የሚለው ጥያቄ አልተከለከለም፤ ሦስተኛ ወይ አራተኛ ይሁን። “እንዴት አድርገሽ ቻልሽው?” የሚለው ይቅደመው።

ሦስተኛ፣ ከነበረበት ወደላይ ቁጠሩ። የእማማን ሒሳብ ያዙ። ልጁ 52 ካመጣ 41ን አስታውሱ።

አራተኛ፣ ድሉ እቤት ከሆነ በዓሉም እቤት ይሁን። አንዳንድ ወንድሞች ሚስታቸው እቁብ ሲደርሳት ግሮሰሪ ሄደው ነው የሚያከብሩላት! ቢራ ፋብሪካ ባለበት ከተማ ፈተናው ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ባለ ድሏ ቤት ተቀምጣ ድሏ ግሮሰሪ ውስጥ ሊጠጣ አይገባም።

አምስተኛ፣ “ልጅ ይቀብጣል” የምትሉ አላችሁ። ልጅ የሚቀብጠው ሳይሠራ ሲወደስ ነው። ሠርቶ ሲወደስ ግን ነገም ይሠራል። “ዓይን ይበላናል” የምትሉም አላችሁ። በሩን ዝጉትና አክብሩ! ማን በአደባባይ ተናገሩ አላችሁ? ሦስት ሰው ሲኒ ይዞ ከተቀመጠ በቂ ነው።

ስድስተኛ፣ ሳምንቱ ክፉ ከሆነስ? ምንም የምስራች ካልተገኘስ? አታስመስሉ። “የእኔ ሳምንት አልሆነም” ማለትም ይቻላል። ያኔ ቡናው ለማጽናናት ይሆናል፤ እሱንም እናውቅበታለን።

አሁን አንቺ እኅቴ። ዐረብ አገር መሄድሽንና አለመሄድሽን እኔ አልወስንልሽም፤ የቤትሽን ጎዶሎ የምታውቂው አንቺ ነሽ። ነገር ግን ከችግር ለመውጣት መሄድና ከዝምታ ለመሸሽ መሄድ አንድ አይደሉም። የሁለተኛው ከሆነ ከፓስፖርቱ በፊት አንድ እሁድ ስጪው። ቡናውን አፍዪና እንዲህ በይው። “ብሩ ትንሽ መሆኑን እኔም አውቃለሁ። የጎዳኝ ከ2014 ጀምሮ የጠበቅኋትን ቀን ስነግርህ ሥጋ መቁጠርህ ነው።” ሳትጮኺ፣ ሳታለቅሺ። (ብታለቅሺም ነውር የለውም።) ከዚያ እሱንም ጠይቂው። ያ ሰው ሳምንቱን ሙሉ ማሽን ሥር ቆሞ ሲገባ “የምስራች” የሚልበት ነገር አጥቶ ነው ወይስ የሚሰማው ሰው? አንቺ ደብቀሽ እሱ ደብቆ፣ አንዲት ክፍል ቤት ውስጥ ሁለት ሰው የየራሱን ደስታ ፍራሽ ሥር ካስቀመጠ መኝታው ይቆረቁራል።

ካልሰማሽስ? አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ነግረሽው አሁንም በሥጋ የሚለካሽ ከሆነ፣ ተመልሰሽ ጻፊልኝ። ያኔ ሌላ ወሬ እናወራለን። እስከዚያው ግን ስፌቱን እንዳታቆሚ! የመጀመሪያዋን ደንበኛ ያመጣ ሁለተኛዋንም ያመጣል።

አንተም ወንድሜ፣ ይህ ጽሑፍ እጅህ ከገባ ራስህን ታውቀዋለህ። አትናደድ፤ እኔም ከአንተ አልሻልም ብዬሃለሁ። ቅዳሜ ማታ ስትገባ ጫማህን ከማውለቅህ በፊት “እስቲ የሰፋሽውን አሳዪኝ” በላት። ቀጥሎ ልጅህን እርሳስና ወረቀት ስጣትና “ስምሽን ጻፊልኝ” በላት። እንደምትችል አታውቅም ነበር፤ ትችላለች። ስትጨርስ ምን እንደምትላት ደግሞ አሁን ታውቃለህ።

ለእኔም ባለቤቴ ምን እንዳለችኝ ልንገራችሁ? ይህን ጽሑፍ ጨርሼ “የምስራች፣ ጨረስኩ!” አልኳት። ከማድቤት ሆና፣ ቀና ሳትል “ጥሩ ነው” አለችኝ። የእጄን ነው!

ሳምንት እስክንገናኝ የምስራች ያሰማን።